ከ«ማን መታው?» በፊት «ምኑን ተመታ?»

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር፤ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ አዲስ አበባ)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ሐኪም ነሽና ስለ ጤና አንድ ነገር በይን» ብሎ ሲጋብዘኝ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ልትሰሙ ተዘጋጅታችሁ እንደመጣችሁ ይገባኛል። ዕድሜያችንም እዚያ ደርሷል። ዛሬ ግን እነሱን ለሌላ ጊዜ እናቆያቸውና ስለ ኳስ ላውራችሁ። ስለ ጎል አይደለም። ሰው ሰውን ሲጥል፣ የወደቀው ሳይነሳ ሲቀር፣ እኛ ደጋፊዎች ስለምንከራከረው ክርክር ነው። እኔም ደጋፊ ነኝ። የማን እንደሆንኩ አልናገርም፤ ከተናገርኩ ግማሻችሁ ከዚህ በኋላ አትሰሙኝም።

ይህን ክፍለ ከተማ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ቅዳሜና እሑድ ከሳሪስ እስከ ጎፋ፣ ከላፍቶ እስከ ጀሞ ድረስ ዲኤስቲቪ የሚያሳይ ቤት ሁሉ ሰው በሰው ላይ ነው። አርሴና ማንቼ ባንድ አግዳሚ ወንበር ተጣበው ይቀመጣሉ። ታዲያ አንድ ተከላካይ ሸርተቴ ገብቶ አንዱን አጥቂ ሲጥለው ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «አውሬ! ድሮም ሥራው ይሄ ነው» ይላል። ሌላው «ኳሷን እኮ ነው የነካው! ያኛው አስመሳይ ነው፤ አታውቀውም እንዴ?» ይላል። ከዚያ የሁለቱም ተጫዋቾች የአሥር ዓመት ታሪክ ይመዘዛል። ማን መቼ ማንን እንደሰበረ፣ ማን መቼ ሳይነካ እንደወደቀ ይቆጠራል። ክርክሩ ይጣፍጣል፤ አልክድም። በዚህ ሁሉ መሃል ግን ሜዳው ላይ አንድ ሰው ተኝቷል።

የምለው ነገር አንድ ነው፤ አስቀድሜ ልንገራችሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሲከሰት ሦስት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው «የተጎዳው ሰው ምን ሆነ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «የተፈጸመው ድርጊት ምን ነበር?» ነው። ሦስተኛው «ያደረገው ሰው ማን ነው? ምን ዓይነት ሰው ነው?» ነው። የመጀመሪያው የሐኪም፣ ሁለተኛው የዳኛ፣ ሦስተኛው የደጋፊ ጥያቄ ነው። ሦስቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። እኛ ሁልጊዜ ከሦስተኛው እንጀምራለን፤ አንዳንዴ ከዚያ አናልፍም። ለዚህ ደግሞ የምንከፍለው ዋጋ አለ። የሚከፍለው ግን የተከራከርነው እኛ ሳንሆን የተኛው ሰው ነው።

ከራሳችን ልጀምር። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ሰኞ ዕለት ነበር፤ ጥምቀት ካለፈ ገና በሁለተኛው ቀን። ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በቅቶ፣ በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት ከተማ የወቅቱን የዋንጫ ባለቤት ዛምቢያን ገጠመ። ያን ቀን የት እንደነበራችሁ የማታስታውሱ ያላችሁ አይመስለኝም። በመጀመሪያው አጋማሽ በረኛችን ጀማል ጣሰው ግቡን ለቆ ወጣና ኳሷን ለማራቅ እግሩን ወደ ላይ አንስቶ ዘለለ። ከዛምቢያዊው ጋር ተጋጩ። ጀማል ራሱ ተጎድቶ በቃሬዛ ወጣ፤ ዳኛውም ቀይ ካርድ አሳየው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ዛምቢያ ከእረፍት በፊት አገባች፤ እኛ በ10 ሰው ተጫውተን አዳነ ግርማ አቻ አደረገን፤ 1 ለ 1 አለቀ። አገር በእልልታ ተናወጠ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የዛምቢያዊውን ተጫዋች ስም የምታስታውሱ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ? የአሰልጣኙን፣ ያገባውን፣ ተቀይሮ የገባውን በረኛ ስም የምታውቁ ሞልታችኋል። የተመታው ሰው ስም ግን የለም። ስሙ ቺሳምባ ሉንጉ ይባላል።

ይህን የምለው ጀማልን ለመውቀስ አይደለም። በረኛ ከግቡ ሲወጣ ለመወሰን ያለው ጊዜ ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም። ልጁም ጨካኝ ነው ያለ ሰው አላጋጠመኝም፤ ማንም አላለም። ቁም ነገሩ ያ ነው። የእኛ ልጅ ስለሆነና ስሙ ጥሩ ስለሆነ፣ «ቀይ ይገባዋል ወይስ አይገባውም» ብለን ተከራከርን እንጂ «ሰውዬውስ ምን ሆነ?» ያልን ጥቂት ነን። ነገሩ ተገልብጦ የዛምቢያ በረኛ የእኛን አጥቂ እንደዚያ ቢመታ ኖሮ፣ ስሙን እስከ ዛሬ ድረስ ልጆቻችንን እናስጠናው ነበር።

የጨዋታው ሕግ ከእኛ ይሻላል። የእግር ኳስ 12ኛው ሕግ ጥፋትን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። ጥንቃቄ የጎደለው ከሆነ ቅጣት ምት ብቻ ነው። ለተጋጣሚው አደጋ ግድ ሳይሰጥ የተፈጸመ ከሆነ ቢጫ ካርድ ነው። ከልክ ያለፈ ኃይል የተጠቀመና የተጋጣሚውን ደኅንነት አደጋ ላይ የጣለ ከሆነ ቀይ ነው። ልብ በሉ፤ ከሦስቱ አንዱም «ሆን ብሎ ነው ወይ?» አይልም። «ጸባዩ እንዴት ነው?»ም አይልም። የሰውን ልብ ማንበብ ለዳኛ አልተሰጠም። አጥንትም ልብ አያነብም። ቅልጥም የሚሰበረው ባረፈበት ኃይል፣ በኃይሉ አቅጣጫና እግሩ መሬት ላይ ተተክሎ በነበረበት ሁኔታ ነው። በደግ ሰው የተሰበረ አጥንት ቶሎ አይጠግንም። በክፉ ሰው የተሰበረም አይዘገይም።

እስቲ እንግሊዝ አገር እንሂድ፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ እዚያው ነንና። አርሴዎች የካቲት ወር ሲመጣ የሚያማችሁ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. የካቲት 23 ቀን 2008 በርሚንግሃም ላይ፣ ጨዋታው ገና ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ሳለ ማርቲን ቴይለር ኤድዋርዶን መታው። እግሩ ተሰበረ፤ ቁርጭምጭሚቱ ወለቀ። ቴሌቪዥኑ ምስሉን ደግሞ ለማሳየት የከበደው ጉዳት ነበር። አሰልጣኙ አርሰን ቬንገር ከጨዋታው በኋላ «ይህ ሰው ዳግመኛ መጫወት የለበትም» አሉ፤ በዚያው ቀን ደግሞ ቃላቸውን መለሱ። የቴይለር ወገኖች «እሱ እንደዚያ ዓይነት ልጅ አይደለም» አሉ። ሁለቱም ወገን የተናገረው ስለ ቴይለር ነው።

ኤድዋርዶ ወደ ሜዳ ለመመለስ አንድ ዓመት ያህል ፈጀበት። ሁሉም አዘነለት። ከዚያስ? በነሐሴ ወር 2009 ከሴልቲክ ጋር በተደረገ ጨዋታ በረኛው ሳይነካው ወደቀ ተብሎ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። ዩኤፋ በማታለል ከሶት 2 ጨዋታ ቀጣው፤ ይግባኝ ሲባል ቅጣቱ ተሰረዘ። ስሙ ግን አልተሰረዘም። በ18 ወር ውስጥ ያው ሰው ከ«ምስኪኑ ተጎጂ» ወደ «አስመሳዩ» ተቀየረ። ሲነገር እንደምንሰማው ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። እዚህ ላይ ስሙ ከራሱ ከሰውዬው እግርም በላይ ዋለ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 27 ቀን 2010፣ በስቶክ ሜዳ የ19 ዓመቱ አሮን ራምሴ እግሩ ተሰበረ። የቅልጥሙ ሁለቱም አጥንቶች ናቸው የተሰበሩት። የመታው ራያን ሾክሮስ ቀይ ካርድ አይቶ እያለቀሰ ወጣ፤ በዚያው ምሽት ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተጠራ። የአርሴ ደጋፊ ሾክሮስን ለዓመታት ሲሰድበው ኖረ፤ ያ ይጠበቃል። የሚገርመው ሌላው ነው። የስቶክ ደጋፊዎች ለዓመታት ያፏጩበት ራምሴ ላይ ነው! እግሩ የተሰበረው ልጅ ላይ! ለምን? የራሳቸውን ልጅ ስም ያጠፋባቸው የእሱ እግር መሰበር ስለሆነ ይመስለኛል። ሰው የሚወደውን ሰው ስም ለመከላከል ሲል ተጎጂውን እስከመጥላት ሊደርስ ይችላል። ይህ የስቶክ ሰዎች ጠባይ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትወጡ። ሚስት ስትደበደብ በየሰፈሩ የምንሰማውን አስታውሱ፤ «እሱ እኮ ጨዋ ልጅ ነው»።

በተቃራኒው ደግሞ ሶን ሁንግ-ሚን አለ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 3 ቀን 2019 ኤቨርተን ሜዳ ላይ አንድሬ ጎሜዝን ከኋላ ጠለፈው፤ ጎሜዝ ሲወድቅ ከሌላ ተጫዋች ጋር ተጋጨና ቁርጭምጭሚቱ ክፉኛ ተጎዳ። ዳኛው መጀመሪያ ቢጫ አወጣ፤ ጉዳቱን ሲያይ ወደ ቀይ ቀየረው። ሶን ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። ሶንን የማይወድ ሰው የለምና ዓለም ሁሉ አብሮት አዘነ፤ ካርዱም በኋላ ተሰረዘ። መሰረዙ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ጥፋቱ ትንሽ ነበር፤ ጉዳቱ ግን ትልቅ። ይህን መለየት ያስፈልጋል። ትልቅ ጉዳት ሁልጊዜ የትልቅ ጥፋት ምስክር አይደለም። ትልቅ ጥፋትም አንዳንዴ ጭረት እንኳ ሳያደርስ ያልፋል። ነገር ግን ያንኑ ጠለፋ በክፉ ስሙ የሚታወቅ ተጫዋች ፈጽሞት ቢሆን፣ በጀሞ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ስንቶቻችን «አደጋ ነው» እንል ነበር?

አሁን ወደ ትልቁ ታሪክ ልምጣ። የማንቼ ሰዎች ታገሱኝ። ሮይ ኪን እ.ኤ.አ. በ2001 ሚያዝያ ወር በማንችስተር ደርቢ የሲቲውን አልፍ-ኢንጌ ሃላንድን ጉልበቱ ላይ የመታበትን ታክል የማያውቅ የለም። በቀጣዩ ዓመት በመጽሐፉ ላይ ሆን ብሎ እንዳደረገው የሚያስረዳ ቃል ስላሰፈረ 5 ጨዋታና 150 ሺህ ፓውንድ ተቀጣ። ስለዚህ «ሆን ብሎ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ አግኝቷል። ከዚህም ተነስቶ የኪንን ታክል «የሃላንድን የኳስ ዘመን ያበቃ ታክል» ብሎ የማይተርክ ደጋፊ የለም።

የሐኪም ጥያቄ እንጠይቅ። የተመታው የትኛው እግሩ ነው? ቀኙ። ኳስ እንዲያቆም ያስገደደውስ የትኛው ነው? በቀዶ ጥገናም ያልተስተካከለለት የግራ ጉልበቱ። ይህ ኪንን ነጻ አያወጣውም፤ ድርጊቱ ድርጊት ነው። ግን ክፉ ድርጊትና ክፉ ውጤት ስለተገናኙ ብቻ አንዱ ሌላውን ወለደ ማለት አይደለም። መጥፎ ስም ያለው ሰው ያላደረሰውም ጉዳት በስሙ ይመዘገብበታል።

ታሪኩ የሚጀምረው ደግሞ በ2001 አይደለም፤ ከዚያ በፊት በመስከረም 1997 ነው። ያኔ ሃላንድ ለሊድስ ይጫወት ነበር። ኪን ሃላንድን ሊጠልፍ ሲል የራሱ ጉልበት ተጣመመና ወደቀ። ሃላንድ ከላዩ ቆሞ «ተነስ፣ አታስመስል» በሚል ስሜት ጮኸበት። ኪን ግን አላስመሰለም። በጉልበቱ ውስጥ ያለው ዋና ጅማት ተበጥሶ ነበር፤ የውድድር ዓመቱን በሙሉ ማለት ይቻላል ከሜዳ አስወጣው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ያቺ ቃል አራት ዓመት ልብ ውስጥ ተቀምጣ ቂም ሆነች። በእንግሊዝ ኳስ ውስጥ እጅግ የታወቀው የበቀል ታክል ሥሩ ሲቆፈር የሚገኘው፣ ጅማቱ የተበጠሰ ሰው ላይ የተነገረ «አስመሳይ» የሚል ቃል ነው። ዛሬ ልጆቻችን የሚያብዱለት ኤርሊንግ ሃላንድ የዚያ ሃላንድ ልጅ ነው፤ ታሪኩን ስትነግሯቸው ከመጀመሪያው ጀምሩላቸው።

«አስመሳይ» የሚለው ቃል ለእኔ ከ«አውሬ» ይበልጥ ያስፈራኛል። «አውሬ» የመታውን ሰው ስም ያጠፋል። «አስመሳይ» ግን የተመታው ሰው እንዳይታከም ያደርጋል። በተለይ ጭንቅላት ሲመታ።

የአንጎል መናወጥ ማለት አንጎል የራስ ቅል ውስጥ ተንገጫግጮ ሥራው ለጊዜው ሲዛባ ነው። አብዛኞቹ የሚደርስባቸው ሰዎች ራሳቸውን አይስቱም። ደም አይታይም። ሲቲ ስካን ብናነሳም ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም። ሰውዬው ይነሳል፣ ይሮጣል፣ «ደህና ነኝ» ይላል። በ2014 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ጀርመናዊው ክርስቶፍ ክራመር ጭንቅላቱን ተመትቶ ሩብ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ መጫወቱን ቀጠለ። በመጨረሻ ዳኛውን ጠጋ ብሎ ምን ብሎ ጠየቀው መሰላችሁ? «ይሄ የፍጻሜው ጨዋታ ነው?» ብሎ። በዓለም ላይ ትልቁን ጨዋታ እየተጫወተ የት እንዳለ አያውቅም ነበር።

ሊቨርፑሎች ደግሞ በ2018 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ኪየቭ ላይ አልቅሳችኋል። ያን ምሽት ስለ ራሞስና ስለ ሳላህ ትከሻ ያልተከራከረ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አልነበረም። ሁላችንም የምናወራው ስለ ራሞስ ጸባይ ነበር። በዚያው ጨዋታ ያው ራሞስ በረኛውን ካሪየስን በክርኑ ፊቱ ላይ እንደመታው ግን ያን ጊዜ ማን አየ? ከደቂቃዎች በኋላ ካሪየስ ኳስ በእጁ ሲወረውር ቤንዜማ እግር ላይ ጣላት፤ በኋላም የቤል ምት ከእጁ አምልጣ ገባች። ካሪየስ የዓለም መሳቂያ ሆነ። ከአምስት ቀን በኋላ ቦስተን በሚገኘው የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የመረመሩት ሐኪሞች የአንጎል መናወጥ እንደደረሰበትና ይህም አጨዋወቱን ሊነካው ይችል እንደነበር ገለጹ። ብዙ ሰው ይህንንም «ሰበብ ነው» አለ። ሐኪሞቹ በእርግጠኝነት «ጎሎቹ የገቡት በዚህ ምክንያት ነው» አላሉም፤ እኔም አልልም። የምለው፣ ሜዳ ላይ ተኝቶ ሳለ «ምን ሆንክ?» ብሎ በደንብ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የኳስ ሕግ አውጪዎች እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ጭንቅላቱ የተመታ ተጫዋች ከመደበኛው ቅያሬ ሳይቆጠር እንዲቀየር መሞከር የጀመሩት፤ በ2024 ደግሞ በሕጉ ውስጥ ገባ። ሕጉ ጥሩ ነው። የላፍቶና የሀና ማርያም ሜዳ ላይ ግን አራተኛ ዳኛ የለም፤ ሐኪምም የለም። ያለው ሰው ነው፤ እኛው ነን።

ለዚህ ነው ይህን ርዕስ የመረጥኩት። ልጆቻችን የሚጫወቱት በኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች መሃል ባለው ሜዳ፣ በትምህርት ቤት ግቢ፣ በአስፋልት ዳር ነው። አንድ የ14 ዓመት ልጅ ተመትቶ ሲወድቅ ምን ይሆናል? የተመታው ልጅ ጓደኞችና የመታው ልጅ ጓደኞች ይያያዛሉ። «ሆን ብለህ ነው!» «አልነካሁትም!» ጠብ ይነሳል። ትልቅ ሰው ከመጣም የሚመጣው ጠቡን ሊገላግል ነው። ልጁ ጭንቅላቱን ከተመታ «ወንድ አይደለህ እንዴ፣ ተነስ!» ይባላል። ይነሳል። ተነስቶ ሲጫወት «ጀግና!» እንለዋለን። ይህ ጭብጨባ ነው የሚያስፈራኝ። አንጎሉ ገና ሳያገግም ሁለተኛ ከተመታ ጉዳቱ እጅግ ሊከፋ እንደሚችል አያውቅም፤ እኛም አልነገርነውም።

እግሩ ከሆነ ደግሞ ወደ ወጌሻ ይወሰዳል። በእኛ አገር የቡድን ሐኪም ሜዳ ሲገባ እንኳ ኮሜንታተሩ «ወጌሻ ገባ» ነው የሚለው፤ ቃሉ የተከበረ ነው፤ እኔም ባለሙያዎቹን አልንቅም። ወለምታ ያሹልን እነሱ ናቸው። ነገር ግን የተሰበረ እግር በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰርና እብጠቱ ከውስጥ ሲጨምር፣ ደም መተላለፊያ ያጣል። ጡንቻ ለስድስት ሰዓት ያህል ደም ካላገኘ መሞት ይጀምራል። የአገራችን የአጥንት ሐኪሞች ለዓመታት ሲጽፉበትና ሲጮኹበት የኖሩት ጉዳይ ነው፤ በስብራቱ ሳይሆን በማሰሪያው ጋንግሪን ይዟቸው እግራቸው የሚቆረጥ ልጆች አሉ። ልጁ «አመመኝ፣ ፍቱልኝ» ብሎ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድራል። «ቻለው፣ ስብራት እኮ ነው» ይባላል። አያችሁ፣ እዚህም ያቺው ቃል ናት። ልጁ አስመሳይ ተብሏል።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ይዛችሁ የምትወጡት ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። ሐኪም ያልሆናችሁም ስሙኝ፤ ለእናንተ ነው።

እግር የተሰበረ ከመሰላችሁ አትጎትቱት፣ አታሹት። ባለበት ሁኔታ ከስብራቱ በላይና በታች ያለው መገጣጠሚያ እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ወይም በካርቶን ደግፋችሁ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። ጣቶቹን አትሸፍኑ። ጣቶቹ ከገረጡ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ፤ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። አጥንት ቆዳ በስቶ ከወጣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ሳትነካኩ ውሰዱት። ራጅ ሳይነሳ «ወለምታ ነው» አትበሉ።

ጭንቅላቱ የተመታ ልጅ በዚያ ቀን ወደ ጨዋታ አይመለስም። «ደህና ነኝ» ቢልም አይመለስም። የአንገት ሕመም ካለው ወይም እጅ እግሩ ከደነዘዘ አታንቀሳቅሱት፤ እርዳታ እስኪመጣ ጠብቁ። ቤት ከገባ በኋላ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየጨመረ ከሄደ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለውና ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ከተወላገደ ወይም ከጆሮውና ከአፍንጫው ውኃ መሳይ ፈሳሽ ከወረደ ሳይነጋ ውሰዱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው። ስልካችሁ ላይ አሁን መዝግቡት፤ እጠብቃችኋለሁ።

ለሙያ ባልደረቦቼ ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። እኛም ደጋፊ ነን። ዲኤስቲቪ ቤት ብቻ አይደለም ሰው በስሙ የሚታየው፤ ድንገተኛ ክፍልም ውስጥ ነው። «ይቺ ሴትዮ ሁልጊዜ ትመጣለች፣ ምንም የላትም።» «ይሄ ሰካራም ነው፣ ይተኛና ይነሳል።» መምህሮቻችን ደጋግመው የነገሩን ነገር ነው። የአልኮል ሽታ ያለው ሰው ጭንቅላቱም ተመትቶ ሊሆን ይችላል፤ ስካሩ ሲጠበቅ አንጎሉ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። «ሰካራም» የሚለው ስም ምርመራ አይደለም። ስሙ ቀድሞ በር ላይ ሲቆም እጃችን ወደ በሽተኛው አይደርስም።

እንዲያውም ይህ በዓል ራሱ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስንገናኝ የምንጠራራው በግቢ ስማችን ነው። አንዱ እስከ ዛሬ «ሰነፉ» ነው፤ አንዷ «ጭንቀታሟ» ናት፤ አንዱ በግቢ ኳስ ቡድን ውስጥ ሰው ስለጣለ ብቻ «ሰባሪው» ነው። ከ20 ዓመት በኋላ! ስቀንበታል፤ ጥሩ ነው። ግን እስቲ ዛሬ ማታ እራት ላይ ያንን ስም ለአፍታ ተውትና «ምን ሆንክ? እንዴት ነሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዶቻችን ባለፉት ዓመታት ክፉ ምት ደርሶብን ተነስተን «ደህና ነኝ» እያልን እየሮጥን ነው።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ገንዘብ የሚጠይቅ ትልቅ ፕሮጀክት አይደለም። በዚህ ክፍለ ከተማ ሕፃናትና ወጣቶችን በበጎ ፈቃድ የሚያሰለጥኑ ልጆች አሉ፤ ከኪሳቸው ኳስ እየገዙ የሚሠሩ ናቸው። በመካከላችን ሐኪም፣ ነርስ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለ። በዓመት ሁለት ቅዳሜ ጠዋት አሰልጣኞቹን ሰብስበን አሁን የነገርኳችሁን በተግባር እናሳያቸው። ለእያንዳንዱ ቡድን ፋሻ፣ ጓንት፣ መደገፊያ እንጨትና ስልክ ቁጥሮቹ የተጻፉበት ወረቀት ያለው አንድ ቦርሳ እንስጥ። ሕግ አዋቂዎቻችሁና አስተማሪዎቻችሁም ኑ፤ ጠብ ሳይነሳ በፊት ልጆችን ዝም የሚያሰኝ ድምፅ ያላችሁ እናንተ ናችሁ። የምዝገባው ወረቀት በር ላይ ጠረጴዛው ላይ አለ። እኔ ስሜን ጽፌያለሁ።

ክርክሩን ተዉ አልላችሁም። ኳስ ያለ ክርክር ምኑ ኳስ ነው? ቅዳሜ ተገናኝተን ማን አውሬ፣ ማን አስመሳይ እንደሆነ እስኪመሽ እንከራከር። የተኛው ሰው ከተነሳ በኋላ ግን።